በሾላ ግድብ ደለል ውስጥ ስላለው ወንድሜ ለጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ምስጋና

ወንድሜ ጋሼ ሠረቀ፣

ይህ ደብዳቤ ለአንተ የተጻፈ አይደለም፤ ከመለጠፉ በፊት ግን እንደ ወትሮው አንብብልኝና ፊደል የሳትኩበት ቦታ ካለ በእርሳስ አክብበው። ለባለሥልጣን መጻፍ እንደማልችልበት ታውቃለህ፤ ከትምህርት ቤት መሸኛ ለመጠየቅ እንኳ ማመልከቻዬን የምትጽፍልኝ አንተ ነበርክ። “ስትናደድ ነው በትሕትና መጻፍ፤ ትሕትና ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ንዴት ቅርጫት ውስጥ ይጣላል” ያልከኝን አልረሳሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቻልኩትን ያህል ትሑት ሆኛለሁ። አሁን ትንሽ ታገሠኝ፤ የምነጋገረው ከአለቃህ ጋር ነው።

ግንቦት 20 ቀን፣ አልዩ አምባ

ለተከበሩ አቶ ገብረአብ
የሾላ ወንዝ መስኖ ግድብ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ እስካሁን ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ወር ጭቃ ነክቶት ሠራተኞችዎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጥቡት ያየነው የነጩ መኪናዎ ጤና እንደምን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም አለን።

እኔ ዘርአ ዳዊት እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ባለፉት አርባ ቀናት ከቢሮዎ ደጃፍ አሥራ ሰባት ጊዜ ተራ የጠበቀው ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሠረቀብርሃን በጽሕፈት ቤትዎ የኮንትራት ውሃ ለኪ ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን፣ ጽሕፈት ቤትዎ “አዲስ መሬት” ብሎ በሰየመው የግድቡ ደለል ላይ ችካል ሲተክል ደለሉ ከዳው፤ ከደጋ የወረደ ደራሽ ውሃም በላዩ አለፈ። እስከ ዛሬ ከዚያ አልወጣም። የአካባቢው ሰው አካፋና ዶማውን አዘጋጅቶ ሊያወጣው ሲጠብቅ ሰንብቷል፤ የጎደለው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈቃዱ እንዲሰጥ ደግሞ፣ ሠረቀብርሃን ወደ ደለሉ የገባው ማንም ሳያዘው በራሱ ጥፋት ነው የሚል ቅጽ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንዲፈርም ተጠየቅን። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ሌላ አፈር ያለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። ጉዳያችን ይኸው ነው። ስለ ቅጹ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ በቅድሚያ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የእናቴን ማሳ ሰብስበው ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። እናታችን ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከአንኮበር በላይ፣ ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የገብስ ማሳ አለቻት። ሕፃን ሳለሁ ዘልዬ እቀመጥበት የነበረው የማሳው ዳር ድንጋይ ዛሬ ደረቴ ላይ ይደርሳል፤ ያደግሁት እኔ ብሆንም ከእኔ የበለጠ ያደገው ድንጋዩ ነው፤ ማለትም ከሥሩ ያለው አፈር በየክረምቱ እየተሸረሸረ ወርዷል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል እንሰማለን፤ የሾላ ወንዝ ግን ቆላው አፍ ላይ ግድብ ስለተሠራለት ማደሪያ አግኝቷል፤ ማደሪያ ያገኘ መንገደኛ ደግሞ ሸክሙን ያወርዳል።

ወንድሜ ይህን ለእናቴ ያስረዳት አንድ ቀን ወደ ግድቡ አምጥቶ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ላይ አስቀምጧት ነው። ውሃ ሲሮጥ ይሸከማል፣ ሲቆም ያራግፋል፤ ወደ ረጋው ሐይቅ ሲገባ ጉልበቱ ስለሚከዳው መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩንና አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደቃቁን ጭቃ ይጥላል፤ የጣለው አፈር መልሶ መንገዱን ሲዘጋበት ወደ ጎን ይታጠፋል፣ እዚያም ይጥላል፣ ደግሞ ይታጠፋል፤ እንዲህ ሲል ሲል ከወንዙ አፍ ጀምሮ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ያለ ምድር ይሠራል። በመማሪያ መጽሐፋችን ዴልታ የተባለው ይኸው ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ዓባይ ባሕር ስለሚገባበት ቦታ ብቻ ስለነበረ፣ ዴልታ ለማየት ግብፅ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል ብዬ አስብ ነበር፤ ክቡርነትዎ ከደጃችን አምጥተውልናል። እናቴ ግን የወንድሜን ትምህርት እስከ መጨረሻው አልሰማችውም፤ ከመዳፉ ጥግ አንድ ቁንጥር አፈር አንስታ በጣቷ ፈተገችና፣ “ይኼማ የኔ ነው! ሃያ ዓመት ስለቅመው የኖርኩት ኮረት ሳይቀር አብሮ መጥቷል” አለች። ሠረቀብርሃንም፣ “ተይው እማዬ፣ እዚህ ካርታ የለሽም” ብሎ ሳቀባት።

፪. ሒሳብ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የወንድሜ ሥራ በየጠዋቱ በግድቡ ግንብ ላይ በቀለም ከተጻፈው መለኪያ ላይ የውሃውን ከፍታ አንብቦ መጻፍ ነበር። ይህ መለኪያ የሚናገረው ውሃው ላዩ የት እንደ ደረሰ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አይናገርም። ወንድሜ ያልታዘዘውን ሥራ መውደድ የሚባል ጉድለት ስለነበረበት፣ ባዶ ጀሪካን አስሮ በሠራት መንሳፈፊያ ላይ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረ ገመድ እየጣለ ጥልቀቱን ይለካ ነበር። ግድቡ በተመረቀ በመጀመሪያው ዓመት ከግንቡ ሥር አሥራ አራት ሜትር ውሃ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት አምስት ሜትር ብቻ ቀረ፤ የቀረው ደለል ነው። የደለሉ ግንባር በየክረምቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ግንቡ ይገሰግሳል። ውሃ የሚለቀቅበት የታችኛው በርም ጭቃ ስለ ነከሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ተከፍቶ አያውቅም።

ሠረቀብርሃን ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጽፎ ሲያቀርብ፣ ክቡርነትዎ በደግነት መክረውታል። “ሁለት ቁጥር ሲያዩ በላይ ያሉት ግራ ይጋባሉ፤ የላዩን ብቻ ጻፍ” ብለውታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሪፖርቱ ግድቡ ሙሉ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ድስቱ እስከ አፉ በድንጋይ ተሞልቶ ሁለት ጣት ውሃ ቢፈስበት ድስቱ ሙሉ ነው፤ ራት የሚጠብቁት ሰዎች ግን በዚህ አቆጣጠር ገና አልሠለጠኑም። ከግድቡ በታች ያሉት የሽንኩርት ገበሬዎች በየካቲት ቦዩ ሲደርቅባቸው፣ ሙሉ ግድብ እያለ ለምን ውሃ አጣን ብለው መጠየቃቸው ከሒሳብ ድክመት የመጣ ነውና ይቅር ይበሏቸው።

፫. ጭቃን መሬት ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። የሽማግሌ አጉል ልማድ ስላስቀሩልንም ጭምር። እዚህ ቆላው ላይ የሚኖሩት አባባ ዓብዱራህማን ከአባታቸው የወረሱት፣ ወንዝ ስላመጣው አፈር የሚናገር ሕግ አላቸው። አዲስ አፈር ሲተኛ መጀመሪያ ያየው ሰው ዳር ላይ ድንጋይ ከምሮ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱንም ማንም አይነካበትም፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን አፈሩን አይረግጠውም። በመጀመሪያው ዓመት ሣር በራሱ እስኪይዘው ይጠበቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ፍየል ይሰደድበታል፤ ፍየል የተሻገረችውን በሦስተኛው ዓመት በሬ ይገባበታል። ምክንያቱም የዚህ ዓይነት አፈር ላዩን ፀሐይ ስለሚመታው ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ ክንድ በታች ግን ውስጡ አጥሚት ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ደለሉን በየካቲት፣ ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ በሚፈስበት ወር አስለካ፤ ካርታ አስነሣ፤ “ግድቡ የፈጠረው አዲስ ለም መሬት” ብሎ ሰየመው፤ ለሠላሳ ስድስት ሥራ አጥ ወጣቶችም በወረቀት ላይ አካፈለ። አባባ ዓብዱራህማን ይህን ሲሰሙ በትራቸውን ይዘው ወደ ቢሮዎ መጡ። ባለሙያዎ፣ “አባባ፣ ይኼ በጥናት የተደገፈ ነገር ነው” ሲላቸው፣ ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ “ወላሂ ልጄ፣ እኔ ጥናቱን አልጠላሁም፤ ግን ፍየል ተሻግራበታለች ወይ?” ብለው ጠየቁት። ቢሮው ሁሉ ሳቀ ይባላል። ሠረቀብርሃን እዚያ ነበር፤ እንዳልሳቀ ነግሮኛል።

፬. ትእዛዝዎን በቃል ስለሰጡ አመሰግናለሁ፤ የወረቀት ብክነት አገራችንን እየጎዳ ነውና። ሚያዝያ 11 ቀን እንግዶች አዲሱን መሬት ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ስለነበረ፣ ወንድሜ ችካል መትከሉ ክረምቱ እስኪያልፍ እንዲቆይ ጠይቆ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው የመዝገብ ቁጥር የለውም ተብሎ ተመለሰለት። ሚያዝያ 9 ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የወንድሜ ስልክ የጆሮው ማዳመጫ ስለተበላሸ የሚሠራው በድምፅ ማጉያው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ክቡርነትዎ የተናገሩትን ሁሉ የመስማት ዕድል ገጥሞኛል። እንዲህ ነበር ያሉት፦ “ሠረቀ፣ እንግዶቹ ችካል ካላዩ ምን ሊያዩ ነው፣ ጭቃ? ነገ በጠዋት ትከልልኝ።” ወንድሜ፣ “ጋሽ ገብረአብ፣ መሬቱ እኮ አልረጋም” አለ። እርስዎም፣ “አንተ ቀጭን ነህ፤ ቀስ ብለህ እርገጥ” አሉት፤ ስልኩም ተዘጋ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወንድሜ አልተናደደም። “ቀጭን ነህ አለኝ፤ ደመወዝ ሲጨምርልኝ እወፍራለሁ” ብሎ ቀለደ፤ ከዚያ ችካሎቹን ቆጥሮ አሰረ።

በማግሥቱ ሃያ ሁለት ችካል ተከለ። ሃያ ሦስተኛውን ሲመታ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ለማውጣት ሲታገል ሌላኛው እስከ ወገቡ ወሰደው። ይህን ያዩት ከዳር ፍየሎቻቸውን ያግዱ የነበሩት አባባ ዓብዱራህማን ናቸው። ሽማግሌው የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከፊታቸው በማንጠፍ ወደ እርሱ ሊደርሱ ሞከሩ፤ ጥምጣማቸውን ፈተው ወረወሩለት፤ ጨርቁ አራት ክንድ ያህል አጠረ። ወንድሜ፣ “አባባ ይመለሱ፣ እርስዎ ከባድ ነዎት፤ ሰው ጥሩልኝ” እያለ ይለምናቸው ነበር። እዚህ ቆላው ላይ ፀሐይ ነበር፤ አንኮበር ላይ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ የበልግ ዝናብ ይወርድ ነበር። ደራሹ የመጣው ሰዎቹ ገመድ ይዘው እየሮጡ ሳሉ ነው። ውሃው ሲያልፍ ወንዙ በድሮው መንገዱ አልነበረም፤ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ችካሎቹን ነቅሎ፣ ወንድሜ በነበረበት ላይ አዲስ አፈር አንጥፎበታል። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር።

ያ አፈር ከየት እንደ መጣ ክቡርነትዎን መጠየቅ አያስፈልገኝም። እናቴም አልጠየቀችም። ዳገቱ ላይ ማሳ ያለው ሰው ሁሉ ልጁን የቀበረው የእኔ አፈር ይሆን ብሎ ያስባል፤ የእርሷ ማሳ ደግሞ ለወንዙ ከሁሉም የቀረበ ነው።

፭. ፍለጋው በተሳካ ሁኔታ ስለተጠናቀቀ አመሰግናለሁ። ይህ የእኔ አነጋገር አይደለም፤ ሚያዝያ 13 ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል። ሁለት ቀን ከዳር ሆነው ፎቶ ያነሡት ሠራተኞችዎ ምንም ባለማግኘታቸው ፍለጋው ተሳክቷል። ምንም ያልተገኘበት ፍለጋ ሲሳካ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አባባ ዓብዱራህማንና ጎረቤቶቻቸው ግን ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ወንዝ ደለሉን እየጣለ ሲሄድ የራሱን አልጋ ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ብሎ የተኛ ወንዝ ደግሞ ጎኑን ለመገልበጥ ትንሽ ምክንያት ይበቃዋል። ከደለሉ መዳፍ ሥር ላይ በድንጋይና በቅርንጫፍ ትንሽ ዘግተው በሌላው ጎን ትንሽ ቢቆርጡለት፣ ወንዙ ወደ ግራው ጣት ይሄዳል፤ የቀኙ ጣት በአምስትና በስድስት ቀን ውሃው ይጠነፍፋል፤ ከዚያ በእንጨት እየተደገፈ መቆፈር ይቻላል። ቆላ ገበሬ ወንዝ ማዞር ያውቃል፤ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው እንዲያ ነው። አርባ ሰው ስሙን አስመዘገበ። ከአንኮበር የእናቴ ጎረቤቶች፣ ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች፣ ካርታ ከተሰጣቸው ሠላሳ ስድስት ወጣቶችም አሥራ አንዱ አሉበት። ጽሕፈት ቤትዎም በሦስተኛው ቀን “በግድቡ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ ተከለ። ሰሌዳው ዓለቱ ላይ ስለተተከለ ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ድረስ ቆሟል፤ ጽሕፈት ቤትዎ የረጋ መሬት መምረጥ እንደማይሳነው ከዚህ ተረድቻለሁ።

፮. በመጨረሻም ስለ ቅጹ። ባለሙያዎ ቅጹን ይዞ እናቴ ቤት ድረስ ዳገቱን ወጥቶ መሄዱን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ለፍለጋው ያልተገኘው ጉልበት ለቅጹ ተገኝቷል። “ሟች ከሚመለከተው አካል ትእዛዝ ሳይሰጠው፣ በራሱ ፈቃድና ጥፋት” የሚለውን ሲያነብላት፣ እናቴ ጣቷን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ “ልጄን ጭቃው ወሰደው፤ ስሙን ደግሞ እኔው በጣቴ ልቅበረው? አላደርገውም የኔ ጌታ” አለችው። ባለሙያዎም፣ “እንግዲህ ሰኔ ደረሰ እማማ” ብሏት ወረደ። ይህን ያለው በክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ የቀን መቁጠሪያ ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ሰማይ ታያለች። ደመና ካየች አትበላም። አርባው ትናንት ወጣ፤ ቄሱ መቃብሩ ላይ ይጸለይ ሲሉ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ላይ ቀልድ መጻፍ ለአንድ አፍታ ያቅተኛል። ባልፈርም ወንድሜን ወንዙ ለዘላለም ይወስደዋል፤ ብፈርም ለእናቴ የሚመለስላት ልጅ በራሱ ቂልነት የሞተ ነው፤ በወረቀቱም ላይ እንዲህ ብሎ የመሰከረበት የገዛ ወንድሙ ነው። እናቴን ልጠይቃት አልቻልኩም፤ እሺ ብትለኝ ከልጇ ስም፣ እንቢ ብትለኝ ከልጇ አስከሬን ልትለይ ነው። ሁለቱንም ቃል ከአፏ ማውጣት ስላልፈለግሁ ለብቻዬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ፈርሜያለሁ። ባለሙያዎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “መጻፍ ትችላለህ አይደል?” አለኝ። እችላለሁ አልኩት። የወንድሜን ስም ከነአባቱ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ጥፋቱንም ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ክቡርነትዎም በዚያው ሰዓት የቁፋሮ ፈቃዱን ፈርመው ክብ ማኅተም አሳርፈውበታል። ፈቃዱ አሁን በአባባ ዓብዱራህማን ኪስ ውስጥ ነው። ይህ ደብዳቤ ዛሬ በገበያው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አርባው ሰው ደለሉ ላይ ቅርንጫፍ ማንጠፍ ጀምሯል፤ ፈቃዱን መሰረዝ ከፈለጉ እባክዎ ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው፤ አካሄዱን ግን ቀስ ብለው ይርገጡ።

የፈረምኩት ሐሰት ነው። እውነቱን በተራ ቁጥር አራት ጽፌዋለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ በፍርድ ቤትም ቢሆን በቃሌ እደግመዋለሁ። በተጨማሪም ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ዓመት ከሰባት ወር መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። የሥነ ዜጋ መምህርታችን ትርሲት እንዳስተማሩን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ብቻውን የፈረመው ውል አይጸናበትም። ይህን ለማጣራት ጊዜ እንዳልነበረዎት እረዳለሁ። ፈቃዱ ላይ ያለው ፊርማ ግን ዕድሜው የደረሰ ሰው ፊርማ ነው።

ይህን ሳደርግ ብልጥ የሆንኩ እንዳይመስልዎ። መምህርታችን ስላስተማሩን ነገር ያሰብኩት ከቢሮዎ ከወጣሁ በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው። ስፈርም ያሰብኩት ሰኔን ብቻ ነበር። ያ ወረቀት ባይጸናም በማኅደርዎ ውስጥ አለ፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔ ነው፤ አንድ ቀን አንድ ሰው አውጥቶ ሲያነበው ወንድሜን የከሰሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ እኔ እዚያ ቆሜ ላስረዳው አልችልም።

በሪፖርትዎ ላይ ያለው ውሃ እንዳይጎድል፣ ከሥሩ ያለውን የሚለካ ሰውም ዳግመኛ እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣ ለእናቴ ማሳ፣ ለወንድሜ ትዕግሥት፣ ለእኔም ፊርማ ለሰጡት ከፍተኛ ግምት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታናሽ አገልጋይዎ
ዘርአ ዳዊት
የውሃ ለኪው የሠረቀብርሃን ወንድም

ግልባጭ፦
ለአልዩ አምባ ገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
በወረቀት ላይ መሬት ለደረሳቸው ሠላሳ ስድስት ወጣቶች
ለሾላ ወንዝ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ባለበት

ማስታወሻ፦ ቅጹ ላይ “ቤተሰቡ ከአደጋው በኋላ ለጽሕፈት ቤቱ ያመለከተበት ሰዓት” የሚል ባዶ መስመር ነበር፤ ቦታው ስለጠበበኝ ሳልሞላው መጥቻለሁና እዚህ ልሙላው። ሚያዝያ 11 ቀን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ብቻዬን አድሬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ለእናታችን መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ገና ዳገቱን እየወጡ ነበር። ምን እንደምሠራ ስላላወቅሁ ዙሪያዬን ሳይ፣ ወንድሜ ከሁለት ቀን በፊት ሣፋ ውስጥ የዘፈዘፈው ሸሚዝ አለ። አጠብኩት። ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፤ በየጊዜው ውሃው ሲረጋ ከሣፋው ሥር አፈር ይተኛል፤ አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ። ላዩን ውሃ ደፋሁት፤ አፈሩን ግን መድፋት አቃተኝና ሣፋውን እንዳለ አልጋው ሥር ገፋሁት። ሸሚዙን አሰጣሁት። ከዚያ ወንድሜን ሰው ቆፍሮ እንዲያወጣው ልለምን ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ዘበኛው አቶ ሞላልኝ፣ “ዛሬ ማንም የለም፤ ሁሉም እንግዶቹን ይዘው የግድቡን ሙላት ሊያሳዩ ሄደዋል” አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። እባክዎ መስመሩ ላይ ይጻፉልኝ።